ዝቅ ያለ ስፖርት መኪና በጠባብ ጋራዥ ውስጥ፦ ክሪኩ ከየት በኩል ይግባ?

ጠባቧ_በር

ጋራዡ 2.60 ሜትር ወርድ፣ 5.20 ሜትር ርዝመት አለው። መኪናዋ ባለ ሁለት በር፣ በኋላ ጎማ የምትነዳ፣ 1,450 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ናት፤ ወርዷ 1.85፣ ርዝመቷ 4.35 ሜትር። መሃል ላይ ስትቆም በየጎኑ የሚተርፈው 37 ሳ.ሜ ብቻ ነው። ባለጎማው ክሪክ ለብቻው 70 ሳ.ሜ ሲሆን እጀታው 1.10 ሜትር ነው። ሌላው ችግር፣ ክሪኩ ዝቅ ቢል ቢል ከ13 ሳ.ሜ አያንስም፤ የመኪናዋ ሆድ ደግሞ ከወለሉ 11 ሳ.ሜ ላይ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ወደ በሩ ትንሽ ያዘነብላል።

መጀመሪያ የፊት ፍሬን ሸራ ይቀየራል፣ ከዚያ የዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የማርሽ ቤት) ዘይት። እጀታውን በግማሽ ብቻ ሰክቶ ከጎን ማንሳት ያስኬዳል? ካልሆነስ ክሪኩ ከየት ይግባ?

ብሎን19

ከጎን ይቅር። ምክንያቱ የእጀታው ርዝመት ብቻ አይደለም።

የባለጎማ ክሪክ ራስ ቀጥ ብሎ አይወጣም። ክንዱ አንድ ቦታ ላይ ታስሮ ስለሚዞር ራሱ ቅስት እየሠራ ነው የሚነሳው። ክንዱ 40 ሳ.ሜ ከሆነ፣ ከታች ተነስቶ 40 ሳ.ሜ ከፍታ እስኪደርስ ራሱ ወደ እጀታው በኩል 8 ሳ.ሜ ያህል ይሸሻል። ስለዚህ ወይ ክሪኩ ወደ መኪናው ሥር ይንከባለላል፣ ወይ መኪናው ወደ ክሪኩ ይሳባል፣ ወይም የክሪኩ ራስ ከነካው ቦታ ይንሸራተታል። ሌላ መንገድ የለውም። የክሪኩ ትንንሽ ጎማዎች ስንጥቅ ውስጥ ከገቡ ወይም ሥሩ ምንጣፍ ከተነጠፈ የሚቀረው ሦስተኛው ነው። ጠባብ ቦታ ላይ ክሪኩን አጣሞ ማስገባት ደግሞ ይህንኑ ነው የሚጋብዘው፤ የክሪኩ ጎማዎች መኪናው በማይሄድበት አቅጣጫ ይቆማሉ።

መፍትሔው መኪናዋን ማዞር ነው። የሚነሳው ጫፍ ወደ በሩ ይሁን። ለፊት ፍሬን ወደ ኋላ እየነዳህ አስገባት፣ አፍንጫዋ በር ላይ ይቁም፤ በሩን ክፈትና ክሪኩን ከውጭ በኩል በመሃል መስመር አስገባው። እጀታው የፈለገውን ያህል ቦታ ያገኛል፣ አንተም ግድግዳና መኪና መሃል አትገባም። ደግሞም ግድግዳና መኪና መሃል ያለው ቦታ፣ መኪናዋ ተንጠልጥላ ሳለ ማንም መቆም የሌለበት ነው።

አሁን ታኮው። ወለልህ ወደ በሩ ስለሚያዘነብል መኪናዋ የምትንከባለለው ወደ ክሪኩና ወደ አንተ ነው። መሬት ላይ ለሚቀሩት ሁለት ጎማዎች በበሩ በኩል ታኮ አድርግ፣ ከዚያም በሌላው በኩል። ፊቷን ስታነሳ የእጅ ፍሬኑ የኋላ ጎማዎችን ስለሚይዝ ያግዝሃል። ኋላዋን ስታነሳ ግን ፍሬኑም ማርሹም የሚይዙት አየር ላይ ያሉትን ጎማዎች ነው። የፊቶቹ ነጻ ናቸው፣ መኪናዋን የያዛት ታኮ ብቻ ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ማርሽ ውስጥ ናት» ብሎ ይተማመናል።

የጎማውን ብሎኖች ሳታነሳት በፊት ሩብ ዙር ያህል አላላ።

ሁለት_ጣውላ

የ13 እና የ11 ሳ.ሜ ነገር በጣውላ ይፈታል። 4 ሳ.ሜ ውፍረትና 30 ሳ.ሜ ወርድ ያለው ጣውላ ለእያንዳንዱ ጎማ ሁለት ሁለት ቁረጥ፤ የታችኛው 85፣ የላይኛው 60 ሳ.ሜ። ጎማው የሚወጣበትን ጫፍ በሁለቱም ላይ አጋድመህ ቁረጠው፣ ከሥር በብሎን እሰራቸው፣ በወዲያኛው ጫፍ ጎማው አልፎ እንዳይወርድ ትንሽ እንጨት ምታበት። ሲሚንቶ ላይ ጎማው ሲነካው ወደፊት ስለሚሸሽ ከሥሩ የላስቲክ ቁራጭ ለጥፍ።

አንዱ ጣውላ ሆዷን ከወለሉ 15 ሳ.ሜ ላይ ያደርስልሃል፣ ለክሪኩ ራስ ይበቃል። ግን ፊት ላይ የሚነሳበት ቦታ ከፓራውልቱ ብዙ ወደ ውስጥ ነው፣ ከራሱ ጀርባ ያለው የክሪኩ አካል ደግሞ ከራሱ ከፍ ይላል። ሁለተኛው ንብርብር ለዚያ ነው። እጀታውም ሲወርድና ሲወጣ ፓራውልቱን እንዳይመታ በባዶው ሞክረህ እይ።

ጣውላውን መኪናዋ ከተነሳች በኋላ እንዳታወጣው። ጎማው ተመልሶ እዚያው ላይ ካላረፈ ክሪኩ ከ13 ሳ.ሜ በታች አይወርድምና ከመኪናዋ ሥር ተቀርቅሮ ይቀራል።

ላስቲክ_ራስ

ከላይ ያልተነሳው መኪናዋ የምትነካበት ቦታ ነው። የብዙ ስፖርት መኪና መጽሐፍ የሚያሳየው አራት የጎን ነጥቦችን ነው። ክሪኩ ያንን ነጥብ ከያዘው መደገፊያው ስታንድ የት ይገባል? ስለዚህ በመሃል የሚነሳበት ጠንካራ ቦታ አላት ወይ የሚለውን መጀመሪያ መጽሐፉ ላይ ፈልግ። ማዝዳ ኤምኤክስ-5ን ብንወስድ ፊት ላይ የመሃል ተሻጋሪ ብረቱ፣ ኋላ ላይ የዲፈረንሻሉ ቤት ለዚህ ያገለግላሉ። ይህ ለሌላ መኪና አይሠራም፤ ዲፈረንሻላቸው በአሉሚኒየም መሸፈኛ የተዘጋ አሉ፣ ሲጫኑት ይሰነጠቃል። የሞተሩ ዘይት መያዣ ላይማ በፍጹም።

ፖርሽ 911 ላይ ከኋለኛው የጎን ነጥብ ስታነሳ የዚያ ጎን ሁለቱም ጎማዎች አብረው ይነሳሉ። ያኔ ስታንዱን በፊተኛው ነጥብ ማስገባት ይቻላል። ኮርቬት ደግሞ ከሥሯ ቀዳዳዎች አሏት፤ በነሱ ውስጥ የሚሰካ የላስቲክ ራስ ካልተደረገ ክሪኩ የጎን መሸፈኛዋን ይሰብረዋል።

በክሪኩና በመኪናው መሃል እንጨት የሚያደርጉ አሉ። አልደግፈውም። ላሜራው ሁለት ተደርቦ ወደ ታች የወጣበት ጠርዝ እንጨቱን በአንድ መስመር ስለሚጫነው በቃጫው በኩል ይሰነጥቀዋል፣ የሚሰነጠቀውም ክብደቱ ሁሉ ላዩ ሲያርፍ ነው። መሃሉ የተቦረቦረ ጠጣር ላስቲክ ግዛ፤ ጠርዙ ቦይ ውስጥ ይገባል፣ ክብደቱ የሚያርፈው ግራና ቀኙ ላይ ይሆናል።

ብሎን19

በላስቲኩ እስማማለሁ። ስለ ስታንድ ሁለት ነገር ልጨምር። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቶን የአንዱ ሳይሆን የጥንዱ ሊሆን ይችላል፣ አንብበው። ሁለቱንም በእኩል ጥርስ አቁም፣ የመቆለፊያ ፒን ካላቸው ክተት። ብሎኬት በስታንድ ምትክ አይገባም፤ ግድግዳ ላይ ብዙ ይሸከማል፣ በአንድ ነጥብ ሲጫኑት ግን ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል።

ስታወርዳት የክሪኩን ቫልቭ በጣም ቀስ ብለህ ክፈት፣ ስታንዶቹ ላይ ትቀመጥ። ከዚያ ገና ከሥሯ ሳትገባ በጎን በኩል በዳሌህ ገፋ ገፋ አድርጋት። መንቀሳቀሷ ካልቀረ ያኔ ይታወቅ። የፈታኸውን ጎማ አጋድመህ ከጎኗ ሥር አስገባው።

ጠባቧ_በር

እናመሰግናለን። የዲፈረንሻሉ ዘይት ግን ልኩ የሚታየው መኪናዋ ደልደል ብላ ስትቆም ነው። ስለዚህ አራቱም ጎማዎች መነሳት አለባቸው። ኋላዋ በር ላይ ከሆነ ፊቷ ከግድግዳው በ85 ሳ.ሜ ነው የሚርቀው። እዚያ ምን ይደረጋል?

ሁለት_ጣውላ

ክሪኩ ከፓራውልቱ ሥር ከ50 ሳ.ሜ በላይ ስለሚገባ ውጭ የሚቀረው 20 ሳ.ሜ አይሞላም። ወደ 65 ሳ.ሜ ይቀርሃል፣ ያ ለሙሉ እጀታ አይበቃም፣ ለግማሹ ግን ይበቃል። የሚጠይቅህ ጉልበት እጥፍ ይሆናል፣ የምቱ ብዛት ግን ያው ነው። ለፊቶቹም ጎማዎች ጣውላ ያስፈልግሃል፣ ከዚያ ላይ ሲያርፉ ታኮውን ጣውላው ላይ አድርግ።

ብሎን19

ይቻላል፣ ቅደም ተከተሉን ግን አትሳት። ፊቷን በመጀመሪያ፣ ምክንያቱም የኋላ ጎማዎች በፍሬንና በታኮ የተያዙ ናቸው። ስታንዶቹን በመጨረሻው ዝቅተኛ ጥርስ አቁማቸው፣ ብዙዎቹ እዚያ 28 ሳ.ሜ ገደማ ናቸው። ከዚያ በበሩ በኩል ዞረህ ኋላዋን አንሳ። አሁን መሬት የሚነካ ጎማ የለም፤ ሁለት ስታንድና አንድ ተንከባላይ ክሪክ ብቻ ነው ያለህ። ክሪኩ በነጻ ካልተንከባለለ የፊቶቹን ስታንዶች ይጎትታቸዋል። አንድ ሰው ከሩቅ ሆኖ እግራቸውን ይመልከት። አንዱ እግር ከወለሉ ትንሽ እንኳ ካለቀቀ ወዲያው አውርድ፣ ክሪኩ የተያዘበትን ፈልግ። ከዚያ በላይ ከፍታ ካስፈለገ በየተራ አንድ አንድ ጥርስ ጨምር። አንዱን ጫፍ ብቻ ብዙ ከፍ ማድረግ የሌላውን ስታንድ ያጋድለዋል።

ከሥሯ ስትገባ እግርህ ወደ በሩ ይሁን። ዘይቱን ለማሞቅ ብለህ ጋራዡ ውስጥ ሞተር አታስነሳ፣ ውጭ ነድተሃት ተመለስ። ከዲፈረንሻሉ ሁለት ብሎኖች መጀመሪያ የሚፈታው የላይኛው፣ የመሙያው ነው። እሱ እምቢ ካለ የታችኛውን አፍስሰህ መሙያ ታጣለህ።

ላስቲክ_ራስ

ወርዳ ስትጨርስ ከፍ ብላ ብትቆም አትደንግጥ። ተንጠልጥለው የነበሩት ጎማዎች ወደ ውስጥ ተስበው ስለሚቀመጡ ነው። ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ስትነዳት ትመለሳለች። ከጣውላው የምትወርደው ቀስ ብለህ በወጣችበት በኩል ነው፤ የጎማውን ብሎን በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) የምታጠብቀውም ከዚያ በኋላ፣ በኮከብ ቅደም ተከተል፣ መጽሐፉ በሚለው ቁጥር።