ቡና አረቄን ከሰውነት ያወጣል እንዴ? የዓባይን በረሃ የሚወርድ ወንድም አለኝ

የቡሬዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ አይሱዙ ይነዳል። ከቡሬ በቆሎ ጭኖ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ባለፈው ሳምንት አብሬው ሄድኩ። ደብረ ማርቆስ አደርን። ማታ ከጓደኞቹ ጋር ወጥቶ ሲመለስ ሌሊት 6 ሰዓት ሆኗል። አምስት መለኪያ አረቄ ነው የጠጣሁት አለኝ። 11 ሰዓት ላይ ሞተር አስነሳ። ከፔርሙስ ሁለት ሲኒ ቡና ቀድቼ ሰጠሁት። «ይኸው፣ አሁን ለቀቀኝ» አለኝ።

ደጀንን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር አንዱን ኩርባ ዘግይቶ ጠመዘዘው። የኋላ ጎማው የመንገዱን ዳር ጠጠር ሲበትን በመስኮት አየሁት። ከታች ገደል ነው። ትንሽ ወርደን የፍሬን ሽታ ጋቢናውን ሞላው። አፌ ደረቀ፤ መናገርም አቃተኝ። እሱ «እንቅልፍ ነው እንጂ መጠጥ አይደለም» ይላል። እውነቱን ነው?

ሾፌር ከደጀን፦
እህቴ፣ እንኳን ተረፋችሁ። ያንን ቁልቁለት ስንት ዓመት ወርጄዋለሁ። አናቱ ላይ ማርሽ ቀንሰሽ፣ መኪናውን በሞተር ይዘሽ ነው የምትወርጂው። ፍሬን ላይ ብቻ ከተማመንሽ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ጭነት አይዝም። የሸተተሽ እሱ ነው። ወንድምሽ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም። የጠጣ ሰው ግን ማርሽ መቀነሻው ሰዓት ያልፈዋል። ያልፈውና ያለፈው አይመስለውም። እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ነው።

ነርስ ነኝ፣ ፍኖተ ሰላም፦
ቡና እንቅልፍ ያባርራል፤ አልኮሉን ግን ከደም አያወጣም። ቀዝቃዛ ውኃም፣ ትኩስ ሾርባም አያወጣም። የሚያወጣው ጉበት ነው፤ እሱም በራሱ ፍጥነት ብቻ ይሠራል። በግምት አንድ መለኪያ አረቄ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። አምስት መለኪያ ጠጥቶ 6 ሰዓት ላይ ያቆመ ሰው 11 ሰዓት ላይ ገና አልጠራም። የነቃ ሰካራም ነው የነዳልሽ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና።

በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪና በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። እግሩ ፍሬኑን ለመርገጥ አንዲት ሰከንድ ብትዘገይ መኪናው ሁለት አይሱዙ የሚያህል ርቀት ይሄዳል።

የጎጃም ልጅ፦
ከልጅነቱ የለመደ ሰው ግን ምንም አይሆንም። አጎቴ ሲጠጣ አምሽቶ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው።

ነርስ ነኝ፣ ፍኖተ ሰላም፦
ወንድሜ፣ የለመደ ሰው መንገዳገዱን ይደብቃል እንጂ ደሙ ውስጥ ያለው አልኮል ያው ነው። የሌሊት ተረኛ ሆኜ የመኪና አደጋ ስቀበል «እኔ አልሰክርም» ያሉኝ ብዙ ናቸው። እንዲህ የሚለኝ ሰው እጅ ላይ ደም ሳጥብ በጣም ነው የማዝነው። አጎትህን እባክህ መሪ አታስይዙት።

የቡሬዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ደውዬ ሁሉንም አነበብኩለት። ስለ ሰዓቱ ስነግረው ዝም አለ። ቆይቶ «ቢራስ?» አለኝ። ምን ልበለው?

ነርስ ነኝ፣ ፍኖተ ሰላም፦
አንድ ጠርሙስ ቢራና አንድ መለኪያ አረቄ የያዙት አልኮል ይቀራረባል በይው። በማግስቱ ጠዋት የሚነዳ ከሆነ ማታውን ምንም አይጠጣ። ካመለጠውም እስከ ከሰዓት ይተኛ። በቆሎው አይበላሽም።