ምጥ ላይ በአፍ የሚሳበው ጋዝ ያስታግሳል?

ጥያቄ፦ እህቶች፣ የምወልደው ለንደን ነው። አዋላጇ ምጥ ሲመጣ የሚሳብ ጋዝ አለ አለችኝ። ልጁን አይጎዳውም? የጀርባ ማደንዘዣ መርፌውን (ኤፒዱራል) በጣም ፈርቻለሁ።

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ! ኤንቶኖክስ ይባላል፣ ግማሹ ናይትረስ ኦክሳይድ ግማሹ ኦክስጅን ነው። ልጁን አይጎዳውም። ዋናው ሰዓቱ ነው፤ ለመሥራት ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ስለሚፈጅ ሕመሙ እስኪበረታ አትጠብቂ፣ ምጡ ገና ጀመር ሲያደርግሽ ቀስ እያልሽ በጥልቀት ሳቢ፣ ሲለቅሽ ተዪው። መሳቢያውን ራስሽ ያዢ፣ ባልሽም ቢሆን አይያዝልሽ።

መልስ፦ እኔን አዞረኝ፣ አቅለሸለሸኝም፤ መሳቡን ሳቆም ግን ወዲያው ተወኝ። ሕመሙን ቀለል ያደርገዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም።

መልስ፦ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ካለብሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ጋዙ ካልበቃሽ ደግሞ መርፌውን መጠየቅ ትችያለሽ።