የዘጌዋ ጥቁር ቆብ ያላት ቢጫ ወፍ የትኛዋ ናት?

የዘጌው አስጎብኚ፦
ስድስት ዓመት ሙሉ እንግዶችን ከጀልባ ማረፊያው ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በቡናው ጥላ ሥር ሳመላልስ፣ ያችን ቢጫ ወፍ «ጥቁር ራስ የአፍሪካ ኦሪዮል» እያልሁ ኖሬአለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት በዕድሜ የገፉ እንግዳ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ስሟን ድገምልኝ» አሉኝ። ደገምሁላቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው መጽሐፍ ገለጡ። ሁለት ወፎች ጎን ለጎን ተሥለዋል፤ ሁለቱም ቢጫ፣ ሁለቱም ራሳቸው ጥቁር፣ የሁለቱም ምንቃር ቀይ። እንግዳዋ ጣታቸውን ያሳረፉት ከእኔዋ ሌላ በሆነችው ላይ ነው። ሰው ፊት «ልክ ነዎት» ብዬ አለፍሁ እንጂ ልዩነቱ አልታየኝም። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትሁት?

ጡረተኛው መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦
ልጄ፣ ሴትዮዋ እውነታቸውን ነው። ያየሃት ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማትገኘዋ ኦሪዮል ናት። አንተ የጠራሃት ደግሞ ከአገራችን ደቡብ ጀምራ እስከ ደቡብ አፍሪካ ትደርሳለች። ልዩነቱን ራሷ ላይ አትፈልግ፤ ክንፏን አጥፋ ስትቀመጥ የላባዋን ጠርዝ ተመልከት። የእኛዋ አመድማ ነው፣ የሌላዋ ነጣ ይላል። ፀሐይ ከጀርባዋ ከሆነች ግን ልፋትህ ከንቱ ነው፤ ያኔ ቦታው ይፍረድ። የእኛዋ የደጋ ደን ትወዳለች፣ ያችኛዋ የቆላ ግራር።
ደስ የሚለኝ ሳይንሳዊ ስማቸው ነው። ግሜሊን የተባለ ጀርመናዊ በ1789 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የእኛዋን «ሞናካ» አላት፤ መነኩሲት ማለት ነው። የሌላዋ ስም «ላርቫተስ» ሲሆን ትርጉሙ ጭምብል ያጠለቀ ነው። እንግዲህ ገዳም ደጃፍ ለምትኖር ወፍ ቆብ ይሻላል ወይስ ጭምብል?

የዳንግላ ልጅ፦
እኛ ግቢ ዋንዛው ላይ ሞልተዋል! ሃያ ሠላሳ ጎጆ አንጠልጥለው ሲንጫጩ ይውላሉ።

ጡረተኛው መምህር፦
እነዚያ ሸማኔ ወፎች ናቸው። ምንቃራቸውን እይ፤ ጥቁርና አጭር ነው። ኦሪዮል እንዲህ በመንጋ ጎጆ አትሠራም።

የዘጌው አስጎብኚ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሾላው ሥር ቆሜ ጠበቅኋት። ድምፅዋ አለ፣ እርሷ የለችም፤ ዋሽንት የሚለማመድ ልጅ ቅጠሉ ውስጥ የተደበቀ ይመስላል። አንገቴ ሊቀነጠስ ሲል ወደ ዳር ወጥታ ፍሬ መልቀም ጀመረች። አየሁት፤ እንደ ነጠላ ጥለት የቀጠነ አመድማ ጠርዝ! «መነኩሲቷ ናት!» ብዬ ስጮህ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እማሆይ ዞር ብለው «አቤት ልጄ» አሉኝ። እስካሁን አፍሬ አላበቃሁም።