ለ911 ኤስሲ 3.0 ሞተር ሲሊንደርና ፒስተን፦ የቱ ይሻላል?

ቦክሰር6፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ1982 ፖርሽ 911 ኤስሲ ሞተር ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሲሊንደሮቹ 95 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ ኬኤስ የሚል የሠሪው ምልክት አላቸው። ሁለቱ ውስጣቸው ተጭሯል፣ አንዱ ደግሞ 0.06 ሚሊ ሜትር ሞላላ ሆኗል። ሲአይኤስ ኢንጀክሽኑ (ነዳጅ ሳያቋርጥ የሚረጨው) እንዳለ ይቀጥላል፣ ቴስታታውም (የሲሊንደሩ ክዳን) ባለ አንድ ካንዴላ ነው። ሦስት አማራጭ አለ፦ አሮጌዎቹን ሆን አስደርጎ (ውስጣቸውን በድንጋይ አስፍቆ) ፎርጅድ (ተቀጥቅጦ የተሠራ) ፒስተን ማስገባት፣ አዲስ 95 ኒካሲል ሲሊንደር መግዛት፣ ወይም 98 ሚሊ ሲሊንደር ከ10.5 ኮምፕሬሽን (የመጨመቂያ መጠን) ፒስተን ጋር። መኪናው ለመንገድ ነው እንጂ ለውድድር አይደለም። ምን ትላላችሁ?

ባለቶርኖ፦
የመጀመሪያውን እርሳው ወንድሜ። ኬኤስ የሚለው አሉሲል ነው፤ 17 በመቶ ገደማ ሲሊኮን ያለበት አሉሚኒየም፣ ካሚቻም (የተሰካ የብረት እጅጌ) ልባጭም የሌለው። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) የሚንሸራተተው ከግድግዳው ትንሽ ብቅ ባሉት የሲሊኮን ቅንጣቶች ላይ ነው። ተራ የሆን ድንጋይ ቅንጣቶቹን ሰባብሮ ይነቅላቸዋል፤ የሚተርፈው ለስላሳ አሉሚኒየም ብቻ ነው። የዚህ ሲሊንደር ፒስተን ቀሚሱ በብረት የተለበጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ያልተለበጠ ፎርጅድ ፒስተን ብታስገባበት አሉሚኒየም ከአሉሚኒየም ጋር ይፋተግና ይናከሳል። ሞላላነቱም ቢሆን ከ0.04 ካለፈ አይመለስም።

ኒካሲል ግዛ። አሉሚኒየም ሆኖ ውስጡ በኒኬልና በሲሊኮን ካርባይድ የተለበጠ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ ወደ ማቀዝቀዣ ክንፎቹ ያደርሳል፤ ሲያረጅም ልባጩ ተነስቶ እንደገና ይለበጣል። ረከስ ያሉት የጊዛ (በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ሲሊንደሮች ያታልላሉ። ጊዛ ሙቀት የሚያሳልፈው ቀስ ብሎ ነው፣ ሲሞቅም የሚሰፋው ከፒስተኑ ያነሰ ነው። ስለዚህ ክፍተቱን ሰፋ አድርገህ መግጠም ይኖርብሃል፤ ጠዋት ጠዋትም ፒስተኑ ሲንኳኳ ትሰማዋለህ። በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር አልመክረውም።

ፎርጅድ ፒስተን ካልክ ቅይጡን ጠይቅ። 4032 የሚባለው ቅይጥ ሲሊኮን 12 በመቶ ገደማ ስላለው ሲሞቅ ብዙ አይሰፋም፣ ጠበብ ባለ ክፍተት ይሠራል፣ ለመንገድ የሚስማማው እሱ ነው። 2618 ድብደባን የበለጠ ይችላል፣ ግን ብዙ ይሰፋል፤ ቦታው ውድድር ነው።

ሲሲቆጣሪ፦
98ቱ ጥሩ ምርጫ ነው፣ ችግሩ 10.5ቱ ላይ ነው። በ70.4 ሚሊ ስትሮክ (የፒስተኑ የጉዞ ርዝመት) 98 ሚሊ ማለት በአንድ ሲሊንደር 531 ሲሲ፣ በስድስቱ 3186 ሲሲ ነው፤ የፋብሪካው 2994 ነበር። 10.5 ለማግኘት ከፒስተኑ በላይ የሚቀረው ቦታ 56 ሲሲ ብቻ መሆን አለበት። ለዚያ የፒስተኑ ጉልላት በጣም ከፍ ይላል፣ ካንዴላው ደግሞ በአንድ ጎን ስለሆነ እሳቱ ጉልላቱን ዞሮ እስኪደርስ ወዲያ ማዶ ያለው ነዳጅ ራሱን ያቀጣጥላል። መጀመሪያ የሚሰበረው በፋሻዎቹ መካከል ያለው የፒስተኑ ግንብ ነው። ከ10 በላይ ከፈለግህ ቴስታታውን ባለ ሁለት ካንዴላ አድርገው። በአንድ ካንዴላ 9.5 ላይ ቁም፤ የሚቀረው ቦታ 62.5 ሲሲ ይሆናል።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ኮምፕሬሽን አትመን። ሻጩ የአንተን ቴስታታ አላየውም። ቫልቮላዎቹንና ካንዴላውን ግጠም፣ ፊቱን ግሪስ ቀብተህ ቀዳዳ ባለው ብርጭቆ ፕላስቲክ ክደን፣ በቡሬት ሙላና ቁጠር። ከሲሊንደሩ ሥር የሚገባው የመዳብ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) በ0.25 ሚሊ ሲወፍር 1.9 ሲሲ ይጨምራል፣ 9.5 የነበረው 9.25 ይሆናል።

ሲአይኤስ ካልተነሳ ፒስተኑም ለሲአይኤስ የተሠራ ይሁን። ረጅም ኦቨርላፕ (ማስገቢያውና ማስወጫው ቫልቮላ አብረው የሚከፈቱበት ጊዜ) ያለው ካምሻፍት አታስብ፤ ወደ ኋላ የሚመለሰው ግፊት የአየር መለኪያውን ሳህን ያንቀጠቅጠዋል፣ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) አይረጋም።

ቦክሰር6፦
ገባኝ፣ 98 በ9.5። ብሎኩ መስፋት አለበት? ዕቃው ሲመጣስ ምን ልለካ?

ባለቶርኖ፦
ለ3.0 ብሎክ ተብሎ የተዘጋጀ 98 ሳይሰፋ ይገባል። ያም ሆኖ ከመክፈልህ በፊት ብሎክ ውስጥ የሚገባውን የሲሊንደር አንገት ዲያሜትር በቁጥር አስጽፍና ከብሎክህ ጋር አስተያይ። የስፒኖቶውንም (ፒስተኑን ከቢየላው የሚያያይዘው ፒን) ዲያሜትር ከቢየላህ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ዘንግ) ቡሽ ጋር።

ሲመጣ ከምንም በፊት የሲሊንደሮቹን ቁመት ለካ። በአንድ ጎን ያሉት ሦስቱ የሚሸከሙት አንድ የካምሻፍት ቤት ነው፤ አንዱ ከፍ ካለ ቤቱ ይጣመማል፣ ካምሻፍቱም በእጅ አልዞር ይላል። ፋብሪካው በሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ወይም 6 ብሎ በቁመት የሚለያቸው ለዚህ ነው፤ 5 እና 6 በአንድ ጎን አይቀላቀሉም።

ፋሻውን ያለ ፒስተን ሲሊንደሩ ውስጥ ክተትና በፒስተኑ አናት ገፍተህ አስተካክለው፣ ከዚያ የፋሻውን አፍ (የሁለቱን ጫፎች ክፍተት) በስፔሶሜትር (የክፍተት መለኪያ) ለካ። የፒስተኑ ሠሪ የሰጠው ቁጥር ይቀድማል፤ ካልሰጠ ለ98 ሚሊ 0.39 አካባቢ ይዘህ ሂድ። ጠቦ ከተገጠመ ሲሞቅ ጫፍና ጫፉ ይገፋፋና ልባጩን ይፍቀዋል።

ሲሲቆጣሪ፦
አንድ ልጨምር። ፒስተኑ አናት ላይ ፕላስቲሲን ለጥፈህ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙርና በምላጭ ቆርጠህ ለካው። በማስገቢያው ቫልቮላ 1.5 ሚሊ፣ በማስወጫው 2 ሚሊ ዝቅተኛው ነው፤ ፒስተኑና ቴስታታው ደግሞ ከ1 ሚሊ በታች አይቀራረቡ። ኮሎውን (ክራንክሻፍቱን) ከማዞርህ በፊት ግን ሲሊንደሮቹን በቱቦና በዳዶ ወደ ብሎኩ እሰራቸው። ካልታሰሩ ፋሻው ይዟቸው ይነሳል፣ ከሥር ያለው ጓርኒሲዮን ይታጠፋል። ሲጨማደድ ድምፅ ስለማይሰማ የምታውቀው ዘይት ማንጠባጠብ ሲጀምር ነው።