«ቦዘኔ» ወይስ «ደጅ ጠኚ»? በዝምታ ደረጃ ለሚያድጉበት ጨዋታ የሚስማማው ቃል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አይ አር ሲ በተባለው የቆየ የጽሑፍ መወያያ ላይ የሚካሄደውን «አይድል አር ፒ ጂ» የተሰኘ ጨዋታ ለጀማሪዎች በአማርኛ የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። መጀመሪያ «የቦዘኔዎች ጨዋታ» ብዬው ነበር፤ ሳነበው ግን ስድብ ስድብ አለኝ። «ሥራ ፈት» ማለቱም አላረካኝም። ዝም ብሎ በመቀመጥ ብቻ ደረጃ የሚያድግበትን ይህን አኳኋን የሚይዝ አገላለጽ ካላችሁ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ሁለቱንም ቃላት መጠራጠርዎ ተገቢ ነው፤ ችግራቸው ግን ስድብ መምሰላቸው ብቻ አይደለም። «ቦዘነ» ስንል ሊሠራ የሚገባውን ትቶ እንዲያው ተቀመጠ ማለታችን ነው፤ «ሥራ ፈት»ም ሥራውን የፈታ፣ ከሥራው የተለየ ሰው ነው። በሁለቱም ውስጥ ግዴታን የመተው ትርጉም አለ፤ በዚህ ጨዋታ ግን ግዴታው ራሱ መቀመጡ ነው። እንዲያውም «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» የሚለው ተረታችን እንደሚያሳየው ሥራ የፈታ ሰው እጁ አያርፍም፣ የሚነካካው አያጣም፤ እዚህ የሚያስቀጣው ደግሞ ይኸው መነካካት ነው።

የአጀማመሩን ሥርዓት ብናይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ጀማሪው ወደ ጨዋታው ቻናል (የመወያያ ክፍል) ይገባና ጨዋታውን ለሚያካሂደው ፕሮግራም ለቦቱ በግል መልእክት የመመዝገቢያውን ትእዛዝ፣ የገጸ ባሕርዩን ስም፣ የይለፍ ቃልና ሙያ ይልካል። ሙያው ከተዘጋጀ ዝርዝር የሚመረጥ ስላልሆነ «አዝማሪ» ቢል «የበቅሎ ነጋዴ» ቢል የሚከለክለው የለም። (ይህን መልእክት በቻናሉ አደባባይ የጻፈ ሰው የይለፍ ቃሉን ለሁሉም አሳየ ማለት ነውና በመመሪያዎ ላይ አጥብቀው ቢያስጠነቅቁ መልካም ነው።) ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር የለም። በተለመደው ስሌት የመጀመሪያውን ደረጃ ለማግኘት 600 ሴኮንድ፣ ማለትም 10 ደቂቃ ይጠበቃል፤ ቀጥሎ ያለው እያንዳንዱ ደረጃ ካለፈው በ16 በመቶ ይረዝማል። በዚህ ሒሳብ 30ኛ ደረጃ ላይ ያለ ሰው 31ኛውን ለማግኘት ከ14 ሰዓት በላይ መጠበቅ አለበት። እዚያው ደረጃ ላይ ሳለ ሰላምታም ይሁን ቁም ነገር 40 ፊደል ያህል ቢጽፍ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይጨመርበታል፤ ቻናሉን ጥሎ ቢወጣ ደግሞ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ይታከልበታል። መጠሪያ ስምን መለወጥም ያስቀጣል።

በጨዋታው ስም ውስጥ ያለው «አይድል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም የተወሰደው ከአይ አር ሲው ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ፊንላንድ ውስጥ በተፈጠረው በአይ አር ሲ ዘንድ ቃሉ የሚነገረው ከመወያያው ጋር ተገናኝቶ እያለ ምንም ለማይጽፍ ሰው ሲሆን፣ ሰርቨሩም ያ ሰው ዝም ያለበትን ጊዜ በሴኮንድ ቆጥሮ ለጠየቀው ይናገራል። ስለዚህ ቃሉ የሚመለከተው ስንፍናን ሳይሆን ሳይናገሩ መገኘትን ነው፤ ለዚህ ደግሞ እኛ ዘንድ «ደጅ መጥናት» የሚል የተዘጋጀ አገላለጽ አለን። ሹመት፣ ርስት ወይም ፍርድ የሚሻ ሰው በንጉሡ ወይም በመኳንንቱ ደጅ እየተገኘ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆይ ነበር። ሥራው መታየት ነው፤ የሚያገኘው ማዕረግ የቆይታው ፍሬ ነው፤ ትቶ ከሄደ የቆየበት ሁሉ ይባክናል። ከጨዋታው ጋር የሚጋጭ አንዳች ነገር አላየሁበትም። ስለዚህ ተጫዋቹን «ደጅ ጠኚ» ይበሉት፤ የዝምታውን ነገር «ዝም አይነቅዝም» በሚለው አባባል ቢያስጀምሩት ደግሞ አንባቢው ሕጉን ወዲያው ይይዘዋል።

የሌላ አባል አስተያየት፦ ሐሳቡ ደስ የሚል ቢሆንም ሁለት ነገር ይከብደኛል። አንደኛ፣ «ደጅ ጠና» ዛሬ የሚነገረው በአብዛኛው ጉዳዩን ለማስፈጸም ከቢሮ ቢሮ ለሚንከራተት ሰው ስለሆነ ምሬት አለበት። ሁለተኛ፣ «አይድል» የሚባሉት ጨዋታዎች ሁሉ እንዲህ አይደሉም። ለምሳሌ «ሜልቨር አይድል» ላይ ዓሣ ማጥመዱን ወይም እንጨት መቁረጡን አስጀምረው ዘግተው ቢሄዱ፣ ሲመለሱ በሌሉበት ጊዜ የተገኘውን አስልቶ ይሰጥዎታል። በሌለበት የሚያተርፍን ሰው ደጅ ጠኚ ልንለው አንችልም።

መልስ፦ ሁለተኛውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ቃሉን ያቀረብኩት መገኘት ግዴታ ለሆነበት ለዚህ ጨዋታ ብቻ ነው። ለእነ «ሜልቨር» «በሌሉበት የሚያድግ» ብሎ በግልጽ ማስረዳት ይሻላል እንጂ በግድ አንድ ቃል መፈለግ አያስፈልግም። የምሬቱን ነገር ግን እንደ ጉድለት አላየውም። 14 ሰዓት ጠብቆ በአንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ግማሽ ሰዓት የተጨመረበት ሰው ምሬቱን በደንብ ያውቀዋል።

ስለ ተቀሩት ቃላትም አንድ ሁለት ነገር ልበል። ለሚጨመረው ጊዜ ከ«ቅጣት» ይልቅ «መቀጫ» ቢሉ እመርጣለሁ፤ ቅጣት ጠቅላላውን ሲናገር መቀጫ ግን ተለክቶ የሚከፈለውን ነው፣ ቦቱም የሚያስታውቀው ልክ ያለው ጊዜ ነው። 40ኛ ደረጃ የደረሱ አራት ተጫዋቾች ተመርጠው አብረው የሚሄዱበትን ደግሞ «ተልእኮ» ከማለት «ዘመቻ» ማለት ይቀናል፤ ተልእኮ ላኪና ተላኪ ሲፈልግ ዘመቻ የኅብረት ጉዞ ነው። ዘመቻው ከሰመረ ለአራቱም ከሚቀራቸው የጥበቃ ጊዜ አንድ አራተኛው ይነሣላቸዋል። ከአራቱ አንዱ አፉን መያዝ አቅቶት ከተቀጣ ግን ዘመቻው ይከሽፋል፤ መቀጫውም በዘመቻው ባልነበሩት ደጅ ጠኚዎች ላይ ሳይቀር ያርፋል። ለዚህ «የጋራ ቅጣት» የሚል አዲስ ሐረግ መፍጠር አያስፈልግም፤ «በአንዱ ጦስ ሁሉም ተቀጡ» ቢሉት ማንም አንባቢ ይረዳዎታል።