የተቀደደ የቼይንሶው ቻፕስ ልብስ ሰፊ ጋ ይወሰዳል?

ድሬ ቆራጭ
ሰላም ጀመዓ። ዛፍ በሞተር መጋዝ እየቆረጥኩ ነው የምኖረው፣ አሁን አብዛኛው ሥራዬ ፕሮሶፒስ ነው፣ እሾሁን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ባለፈው ሳምንት ቅርንጫፍ ስመለምል የመጋዙ ካቴና ግራ ጭኔ ላይ አረፈ። ቻፕስ (ከሱሪ በላይ የሚታሰር የእግር መከላከያ) ስለለበስኩ መጋዙ ወዲያው ቀጥ አለ፣ ቆዳዬ እንኳን አልተጫረም፣ ተመስገን። ግን ቻፕሱ አንድ ስንዝር ተቀዶ ውስጡ ያለው ቃጫ የመሰለ ነጭ ክር ተዘርግፏል። እዚህ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ አካባቢ ያለ ልብስ ሰፊ «ጨርቅ ደርቤ በወፍራም ክር እሰፋልሃለሁ፣ ከአዲሱ ይጠነክራል» አለኝ። ላሰፋው ወይስ ልጣለው? አዲስ ከገዛሁስ ምን ልይ? በዚህ ሙቀት ሙሉ የመከላከያ ሱሪው አይታሰብም።

ከሸዋ በር
አቦ እንዳታሰፋው! ቻፕስ የሚያድንህ ስለጠነከረ አይደለም። ውስጡ የተነባበረ ረጅም ክር ነው፣ ካቴናው ሲነካው እየመዘዘው ይሄድና ካቴናውን በሚያዞረው ጥርስ ላይ ተጠምጥሞ አንቆ ያቆመዋል። ሰፊው መሐሉን በመርፌ ከወጋልህ ግን ክሩ እዚያው ተቸንክሮ ይቀራል፣ አይመዘዝም። ከዚያ በኋላ የለበስከው ተራ ወፍራም ጨርቅ ነው። ፋብሪካው ራሱ ጠርዝ ጠርዙን እንጂ መሐሉን እንደማይሰፋው ገልብጠህ እይ። ደግሞ አንዴ የተመዘዘበት ቦታ ባዶ ሆኗል፣ ምን ሊሰፋ ነው? እሾህ የላዩን ጨርቅ ብቻ ቢቀደው ሌላ ነገር ነው፣ እሱን በማጣበቂያ ትለጥፈዋለህ።

ባህር ዛፍ
እኔ ስንት ዓመት በጂንስ ቆርጫለሁ፣ አንድም ቀን ምንም አልሆንኩም። ፈረንጅ ያበዛዋል።

ከሸዋ በር
@ባህር ዛፍ አንተ ካቴናው ጭንህን ነክቶህ አያውቅም፣ እሱን ነክቶታል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

የመጋዝ ሐኪም
መጋዝ ጠጋኝ ነኝ። አዲስ ስትገዛ ከቀለሙ በፊት ምልክቱን እይ፣ የመጋዝ ሥዕልና 11393 የሚል የመስፈርት ቁጥር ይኖረዋል፣ የቆየ ከሆነ 381። ክላስ 1 ማለት ካቴናው በሰከንድ 20 ሜትር ሲሮጥ ተፈትኗል ማለት ነው፣ ክላስ 2 በ24፣ ክላስ 3 በ28። ክላሱ ሲጨምር ብዙውን ጊዜ ክብደቱም ሙቀቱም ይጨምራል። ታይፕ ኤ የሚባለው ፊት ለፊቱን ብቻ ይሸፍናል፣ ኋላው ክፍት ስለሆነ ለድሬ እሱ ይሻልሃል። ታይፕ ሲ ዙሪያውን ነው፣ ትቀቀላለህ። ቆመህ ለካው፣ ታችኛው ጫፍ ከቦቲህ አፍ 5 ሳንቲም ያህል ወርዶ መሸፈን አለበት። ሲሞቅህ ደግሞ የባቱን ማሰሪያ እንዳትፈታ፣ ከተፈታ ቻፕሱ ይዞርና እግርህ ባዶውን ይቀራል።

በቤንዚንና በዘይት የራሰም ይበላሻል፣ እጠበው። በረኪና ግን አይንካው። ደግሞ ወደ ኤሌክትሪክ መጋዝ ከቀየርክ በቻፕሱ አትተማመን፣ ሞተሩ ጉልበት ስላለው ክሩን እየጎተተም ሊቆርጥ ይችላል።

ድሬ ቆራጭ
እሺ ገባኝ፣ ተሸነፍኩ። አሮጌውን መሐል ለመሐል ቀድጄ ክሩን ለረዳቴ አሳየሁት፣ በጂንስ ሲሠራ የነበረ ልጅ ነው፣ አሁን «የኔስ?» እያለ ነው። ሁለት ላዝ ነው። ልብስ ሰፊውም አኩርፎ ነበር፣ አንድ የተተረተረ ሱሪ ወስጄለት ታረቅን።