ባሌ እስከ ባቡር ጣቢያው በመኪና ነው የሚሄደው፣ ሳይክል እንዴት ላስጀምረው?

እመ ሁለት፦ ሰላም የሆላንድ ሀበሾች፣ እንዴት ናችሁ? የምንኖረው ሃውተን ነው፣ ባለቤቴ ስራው አምስተርዳም ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ባቡር ይይዛል፣ ግን እስከ ጣቢያው መኪናውን ይዞ ይሄዳል፣ በሳይክል እኮ አስር ደቂቃ አይሞላም! መኪናው ቀኑን ሙሉ እዛ ተገትሮ ይውላል እኔ ደግሞ ልጆቹን ሀኪም ቤት ለማድረስ ስፈልግ የለኝም። ሳይክል ስለው ዝናቡስ፣ በላብ ተጠምቄ ቢሮ ልግባ ወይ ይለኛል። ያሳመናችሁ ካላችሁ በምን እንደጀመራችሁ ንገሩኝ

የሃውተን ልጅ፦ እህቴ ሃውተን ላይ እኮ በመኪና መሄድ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ከተማዋ ስትሰራ ጀምሮ ታስቦበት ነው፣ መኪና ከሰፈር ሰፈር ለመሄድ ወደ ቀለበት መንገዱ ወጥቶ ዞሮ ነው የሚገባው፣ ሳይክል ግን በመሀል ቀጥ ብሎ ጣቢያው ጋ ነው። የሳይክል ማቆሚያው ራሱ ሀዲዱ ስር ነው፣ ወደ 3,000 ሳይክል ይይዛል፣ ቆልፎ ደረጃውን ሲወጣ ባቡሩ የሚቆምበት ላይ ነው ዝናብ ምናምን አያገኘውም። አትከራከሪው፣ ቅዳሜ ጠዋት እኩል ውጡ፣ እሱ በመኪና አንቺ በሳይክል፣ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ ራሱ ይየው

ሰላም ከኡትሬክት፦ አምስተርዳም ወርዶ ቢሮው ራቅ የሚል ከሆነ እዛ ኦቪ ፊትስ (ባቡር ጣቢያ ላይ የሚከራየውን ሳይክል) ይከራይ፣ በባቡር ካርዱ ነው የሚወስደው። የራሱን ሳይክል ባቡር ላይ ልጫን ካለ ግን በስራ ቀን በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት ከ6:30 እስከ 9:00 ማታ ከ16:00 እስከ 18:30 አይፈቀድም፣ ታጣፊ ከሆነ በማንኛውም ሰዓት በነፃ ነው። አሰሪውንም ይጠይቅ፣ በሳይክል ለሚመላለስ በኪሎ ሜትር እስከ 23 ሳንቲም ያለ ታክስ መክፈል ይችላሉ

ወለተ ማርያም፦ ዝናቡ ብቻ አይደለም እኮ፣ ህዳር ላይ ነፋሱ ከፊት ሲመጣ ሜዳው ዳገት ይሆናል፣ ላቡን የሚፈራ ሰው ደግሞ እውነቱን ነው። እኔ ኤሌክትሪክ ሳይክል ከገዛሁ ወዲህ ነው መኪናውን የተውኩት። እና ሳይክል መንዳት የማትችሉ እህቶች ካላችሁ አትፈሩ፣ ብዙ ከተማ ላይ የሰፈር ማዕከሎች ለትልልቅ ሴቶች ያስተምራሉ፣ እኔም እዛ ነው የለመድኩት

እመ ሁለት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም! የቅዳሜውን እሞክረዋለሁ። ለጊዜው ያገለገለ ሳይክል ልግዛለት ብዬ ነበር፣ ርካሽ ርካሽ አይቻለሁ፣ ሌባ አያስቸግርም?

የሃውተን ልጅ፦ በጣም ከረከሰ ተጠንቀቂ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፣ ከመክፈልሽ በፊት የፍሬም ቁጥሩን ስቶፕሄሊንግ የሚባለው የተሰረቀ ዕቃ ማጣሪያ የፖሊስ ድረ ገጽ ላይ አስገቢና እዪ። ከኋላ ጎማው ቁልፍ ሌላ ወፍራም ሰንሰለት ጨምሪለት፣ ፍሬሙን ከብረቱ ጋር አድርጎ ይሰር። መብራቱ መስራቱንም ሳታዪ እንዳትወስጂ፣ ማታ ያለ መብራት ቅጣት አለው